የጋሼ ጀልባና የባትሪው ቁልፍ

ስለ ጣና የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ገዳማቱ፣ ስለ ታንኳው፣ ስለ ማለዳው ጭጋግ ይጽፋል። እኔም ከባንክ መስኮት ጀርባ በተቀመጥሁባቸው ዓመታት ስለ እነዚሁ ነገሮች ጥቂት የማይባሉ ስንኞች ቋጥሬአለሁ። ዛሬ ግን አንባቢዬ ይቅርታ ያድርግልኝና መዳፍ ስለማትሞላ አንዲት ዕቃ ላወጋ ነው፤ ስለ ጀልባ የባትሪ ማቋረጫ። ይህች ዕቃ በባትሪውና ኤሌክትሪክ በሚፈልገው ነገር ሁሉ መካከል ትቀመጣለች። ሲከፍቷት ኤሌክትሪኩን ታሳልፋለች፤ ሲዘጓት ታቆመዋለች። ሥራዋ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ቀላል ሥራ ያላትን ዕቃ መምረጥ ምን ያስቸግራል ብዬ ነበር እኔም የጀመርሁት።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሰው በማመላለስ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ጀልባቸው የፋይበር ግላስ ናት፤ ከኋላዋ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር ተንጠልጥሎባታል። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ከኋለኛው መቀመጫ ሥር፣ ከቤንዚኑ ታንክ ብዙም ሳይርቅ ይቀመጣል። ባትሪው ሞተሩን ያስነሣል፤ ሲመሽ መብራት ያበራል፤ ከጀልባዋ ወለል በታች የሚጠራቀመውን ውኃ የምትተፋውን ትንሽ ፓምፕም ያንቀሳቅሳል።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ይህ ባትሪ ማታ ደኅና ሆኖ ጠዋት ሞቶ መገኘት አበዛ። አንድ ቀን ረዳታቸው መብራቱን ሳያጠፋ ሄዷል፤ ሌላ ቀን ምክንያቱ ሳይታወቅ ባትሪው ባዶ ሆኗል። የሚያውቁት መካኒክ «ማቋረጫ ያስገቡለት፤ ማታ ሲሄዱ ዘግተውት ይሂዱ» አላቸው። ጋሼም እኔን ጠርተው 1,500 ብር ሰጡኝና «አንተ ፊደል የቆጠርህ ነህ፤ አንድ ደኅና የባትሪ ቁልፍ ፈልገህ አምጣልኝ» አሉኝ።

እኔ እንግዲህ የቢሮ ሰው ነኝ። በቢሮ ልማድ አንድ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ይህ ልማድ ከሥራ ሰዓት ውጭም ተከትሎኝ ይሄዳል። ሦስት የመኪና መለዋወጫ ሱቆች ዞርሁ፤ ሦስት ዋጋ ጻፍሁ፤ በሦስተኛው ሱቅ ቀይ የፕላስቲክ እጀታ ያለው፣ እጀታውም እንደ ቁልፍ የሚነቀል አንድ ማቋረጫ በ250 ብር አገኘሁ። ባለ ሱቁ ዕቃውን ሲያቀብለኝ «ይህ እንኳ ለመኪና ነው፤ ለምን ፈለግኸው?» አለኝ። «ለጀልባ» አልሁት። ጥቂት አመነታ። እኔ ግን ጨርሼ ነበርና «ባትሪ ባትሪ ነው» ብዬ ከፍዬ ወጣሁ።

ባትሪ ባትሪ ነው። ይህችን ሦስት ቃል ያለች ዓረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ በልቤ እንደደገምኋት እግዜር ይወቅ።

ለጋሼ 1,250 ብር ተመላሽ አደረግሁላቸው፤ በሙያዬ ወግ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ። «ተባረክ፤ የተማረ ልጅ እንዲህ ነው» አሉኝ። ቁልፉንም ወደዱት። ማታ ማታ ነቅለው ከመቁጠሪያቸው ጋር በኮታቸው ኪስ ይዘውት ይገቡ ነበር። ከዚያ በኋላ ባትሪው አንድም ቀን ሞቶ አልተገኘም። እኔም በጀልባዋ በተሳፈርሁ ቁጥር ያችን ቀይ እጀታ እንደ ራሴ ሥራ አያት ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ከጋሼ ጋር ዘጌ ዋልሁ። ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር። ጠዋት እንደ መስተዋት ተኝቶ የነበረው ውኃ ነፋስ ሲነሣበት መሸብሸብ ጀምሯል። በጀልባዋ ላይ ቡና በጆንያ የጫኑ ሁለት ነጋዴዎች፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ አንዲት እማሆይና ሌሎችም ነበሩ፤ ከረዳቱና ከእኛ ጋር አሥራ አንድ እንሆናለን። መንገዱ ሲጋመስ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለና ቆመ። ቤንዚኑ ውኃ ገብቶበት ኖሯል።

ጋሼ መልሰው ሊያስነሡት ሞከሩ። ሞተሪኖው አጓራ፤ ሞተሩ ግን አልተነሣም። ደገሙ። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ መወዛወዝ ስለ ጀመረች ፋታ አልነበረም፤ ደጋግመው፣ ረዘም እያደረጉ ሞከሩ። ስድስተኛው ይሁን ሰባተኛው ሙከራ ላይ እማሆይ ዘወር ብለው «ልጆቼ፣ የምን ሽታ ነው?» አሉ።

የመቀመጫውን ክዳን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ቀጭን ጭስ ወጣ። ቀዩ እጀታ ፀሐይ እንዳገኘው ጧፍ ጎብጧል። ያየሁትን ለማመን ፋታ ሳላገኝ እጄን ሰድጄ ልዘጋው ሞከርሁ። እጀታው እንደ ሰም ለስልሶ በእጄ ቀረ፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ብረት ግን እንደተጣበቀ ነበር። ማቋረጫው አላቋርጥም አለ። ከጎኑ የምታልፈው የፓምፕ ሽቦ ልባስ ቀልጦ መዳቡ ይታያል። ከዚያ ወዲያ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የቤንዚኑ ታንክ አለ።

«ተው! እጅህን አንሣ!» አሉኝ ጋሼ። እንደዚያ ሲጮኹብኝ ከልጅነቴ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ወዲያው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተሳፋሪው ከቦታው እንዳይነቃነቅ ለመኑ። ረዳቱ የቤንዚኑን ቱቦ ነቅሎ ታንኩን ወደ ቀስቱ ወሰደው። ክዳኖቹን ሁሉ ከፍተን ነፋሱ ሆዷን እስኪጠርገው ድረስ ጠበቅን። ያ የጠበቅነው ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደነበር አላውቅም፤ የሕፃኑን ለቅሶ ብቻ አስታውሳለሁ። ከዚያም ጋሼ መፍቻ አንሥተው በመጀመሪያ የጥቁሩን፣ የኔጋቲቩን ብሎን ፈትተው ኬብሉን ከባትሪው ላይ አነሡት። ቀዩን አስቀድመው ቢፈቱና መፍቻው ሌላ ብረት ቢነካ ብልጭታ እንደሚወጣ ማንም መጽሐፍ አልነገራቸውም፤ ዕድሜያቸው ነው ያስተማራቸው። ሌላ ጀልባ መጥቶ በገመድ ጎትቶ እስኪያደርሰን ድረስ እማሆይ ከጸሎታቸው አላቋረጡም።

ተሳፋሪው ሁሉ ከወረደ በኋላ ጋሼ የቀለጠውን እጀታ ከእጄ ተቀበሉኝና አገላብጠው አዩት። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ያን ቀን ገንዘቡን መልሰህልኝ ነበር፤ እሳቱ ቢነሣ ግን ያንን ማን ይመልስልኝ ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ ለብዙ ምሽቶች ግጥም ትቼ ስለ ባትሪ አነበብሁ። የተማርሁት የንግድ ሥራ እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለምና ከሀ ነው የጀመርሁት። መጀመሪያ ልረዳው የፈለግሁት ያ ዕቃ ለምን እንደቀለጠ ነበር። ነገሩ ሒሳብ ሆኖ ተገኘ። ሞተሪኖ ሲዞር ከ100 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። በማቋረጫው ውስጥ ሁለቱ ብረቶች የሚገናኙበት ቦታ ላልቶ ወይም ዝጎ የኦም አንድ መቶኛ ያህል ተቃውሞ ቢፈጥር፣ 100 አምፔር በዚያ ሲያልፍ 1 ቮልት ይጠፋል፤ 100 ዋት ሙቀትም ይወለዳል። የ100 ዋት አምፖል በርቶ በእጁ የነካ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ያን ሙቀት ከጣት ባልበለጠ ፕላስቲክ ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ ማለት ነው። በጤናማ ቀን ሞተሩ በሁለት ሰከንድ ስለሚነሣ ሙቀቱ አይታወቅም። ችግር በመጣ ቀን ግን፣ ማለትም ማቋረጫው በእርግጥ በሚያስፈልግበት ቀን፣ ሥቃዩ ይረዝማል። የእኔ ዕቃ በደኅና ቀን የሚሠራ ዕቃ ነበር።

ሁለተኛው የተረዳሁት በመኪናና በጀልባ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። መኪና ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ተኑ ወደ መሬት ወርዶ ነፋስ ይበትነዋል። ጀልባ ግን ሳሕን ናት፤ ወደ ታች የወረደው ተን የሚወጣበት ስለሌለው ሆዷ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። ማንኛውም ማቋረጫ ጭነት ተሸክሞ ሲዘጋ ወይም ሲከፈት ደግሞ በውስጡ ጥቂት ብልጭታ አይቀርም። ስለዚህ ለቤንዚን ጀልባ የሚሠራ ማቋረጫ ብልጭታው ከውስጥ ወጥቶ በዙሪያው ያለውን ተን እንዳያቀጣጥል ሆኖ መሠራት አለበት። ለዚህ የወጡ መለኪያዎችም አሉ፤ አይ.ኤስ.ኦ. 8846 እና ኤስ.ኤ.ኢ. ጄ1171 የሚባሉት። በማቋረጫው ገላ ወይም በመግለጫው ላይ ይህ ማረጋገጫ ከሌለ፣ ዋጋው ምንም ቢሆን ከቤንዚን አጠገብ ቦታ የለውም። ባትሪው ራሱም ንጹሕ አይደለም። የእርሳስ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ሃይድሮጅን ደግሞ ከአየሩ 4 በመቶ ከሆነ ጀምሮ ይቀጣጠላል። ለካስ ከመቀመጫው ሥር ሁለት ዓይነት እሳት ጎን ለጎን አስቀምጠን ነበር ስንሄድ የኖርነው።

ሦስተኛው የቁጥር ነገር ነው። እኔ የገዛሁት ዕቃ ላይ «100 አምፔር» የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ግን አይልም። እንደ ባንክ ሠራተኛ ይህ ሊቆጠቁጠኝ ይገባ ነበር። አንድ ሰው መጥቶ «መቶ ሺህ ብር አበድሩኝ» ቢለኝ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ለስንት ጊዜ?» ነው። ለጀልባ ተብለው በሚሠሩ ደኅና ማቋረጫዎች ላይ ሦስት ቁጥር ይገኛል፦ ያለማቋረጥ የሚሸከመው፣ ለጥቂት ደቂቃ የሚሸከመው፣ ሞተር በሚነሣበት አጭር ጊዜ የሚሸከመው። ገዢው ሦስቱንም ከሞተሩ መመሪያ ጋር ማስተያየት አለበት።

ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላ የገበያውን ዓይነት በወረቀት ደረደርሁ። አንደኛው ያ ቁልፍ መሰሉ ነው። ሁለተኛው በባትሪው ራስ ላይ የሚታሰርና እንደ ቢላዋ የሚከፈት የሚዘጋ ነው፤ ይህኛው በትክክል መቋረጡ በዓይን ስለሚታይ ልቤን ወስዶት ነበር፤ ብልጭታው ግን በገሃድ፣ ያውም ባትሪው ላይ ነውና ተውሁት። ሦስተኛው «1፣ 2፣ ሁለቱም፣ ዝግ» የሚል አራት ምርጫ ያለው፣ ሁለት ባትሪ ላለው ጀልባ የሚሆን ነው። ሰው ረስቶ «ሁለቱም» ላይ ከተወው ሁለቱም ባትሪዎች አብረው ያልቃሉ፤ ለጋሼ አንድ ባትሪ ደግሞ ምንም አይጨምርም። የቀረው ዙሪያው የታሸገ፣ በክብ እጀታ የሚዞር፣ «ክፍት» እና «ዝግ» ብቻ የሚል ነበር። ደኅና ያልሁት የሚያስገርም ነገር ያለውን ሳይሆን ጨለማ ውስጥ በዳበሳ እንኳ ክፍት ይሁን ዝግ የሚታወቀውን ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ፈልጌ ስላላገኘሁት አንድ የዘመድ ልጅ ከዱባይ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ወደ 1,400 ብር ወጣበት። ልብ በሉ፤ ጋሼ መጀመሪያ የሰጡኝ 1,500 ብር ነበር። ከኪሴ ከፈልሁ፤ ጋሼም አልተከራከሩኝም። ቅር ያላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዲሱ እጀታ አይነቀልም። «ታዲያ ማታ ኪሴ ይዤው የምገባው ምኔን ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሚነቀለው ቁልፍ ሌባን ያግድ ነበር። ሁሉን የሚያሟላ ዕቃ የለም። ለሌባው ሞተሩን በሰንሰለት አሰርን፤ ለእሳቱ ግን ሰንሰለት የለውምና ማቋረጫውን መረጥን።

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጎረቤታችን ሲገጥመው እኔ ወረቀቴን ይዤ አጠገቡ ቆምሁ። ማቋረጫው በቀዩ፣ በፖዘቲቩ መስመር ላይ ገባ። ቦታውም ለባትሪው ቅርብ ሆኖ፣ ነገር ግን ተሳፋሪ ሳይነሣ ጋሼ ከመቀመጫቸው እጃቸውን ዘርግተው የሚደርሱበት የመቀመጫው ጎን ሆነ። በአደጋ ጊዜ ክዳን መክፈት የሚጠይቅ ማቋረጫ እንደሌለ ይቆጠራል።

አንድ ነገር ግን በማቋረጫው በኩል እንዳያልፍ አደረግን፤ ውኃ የሚተፋውን ፓምፕ። ጀልባ ሌሊቱን ብቻዋን ስታድር ውኃ ቢገባባት ፓምፑ ራሱ ተነሥቶ ማውጣት አለበት። ስለዚህ ሽቦው በቀጥታ ከባትሪው ተነሣ። ማቋረጫው ስለማይጠብቀው የራሱ ፊውዝ ተሰጠው፤ የአሜሪካ የጀልባና የያት ምክር ቤት መለኪያ እንዲህ ያለው ፊውዝ ከባትሪው ከ7 ኢንች፣ ማለትም ከ18 ሳንቲሜትር ገደማ እንዳይርቅ ይላል። ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውምና አጭር መሆን አለበት። ሁሉን እንዲዘጋ የምንመርጠው ዕቃ እንኳ ሳይዘጋው ሊያልፍ የሚገባው ነገር መኖሩ ያን ቀን ገረመኝ።

በመጨረሻ ጋሼ ሞተሩን ሲያስነሡ ጎረቤታችን የቴስተሩን ሁለት ጫፍ በማቋረጫው ሁለት ብሎኖች ላይ አደረገ። የጠፋው ቮልት ከ0.1 በታች ነበር። «ይህ ነው ዕቃ» አለ። ለጋሼም አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረላቸው፦ ሞተሩ እየሠራ ማቋረጫውን አይዝጉ። ሞተሩ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ መግቢያ ባትሪ ሲያጣ ቮልቱ ይንርና ቻርጅ የሚያደርገውን ክፍል ያቃጥላል። እሳት ካልመጣ በቀር መጀመሪያ ሞተሩ፣ ቀጥሎ ማቋረጫው።

አንባቢዬ፣ በእኛ ሙያ ቀኑ የሚያልቀው በሩ ሲዘጋ አይደለም። ጥሬ ገንዘቡ ከመዝገቡ ጋር እስኪስማማ፣ ካዝናው በሁለት ሰው ቁልፍ እስኪቆለፍ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ይህን በየቀኑ የምሠራ ሰው ነኝ። ቢሆንም ለአጎቴ ጀልባ ዕቃ ስመርጥ መክፈቱን እንጂ መዝጋቱን አልጠየቅሁም ነበር። ሲከፈት መብራቱ በርቷል፤ ሞተሩ ተነሥቷል፤ ይበቃል ብዬ ነበር። የ250 ብሩና የ1,400 ብሩ ዕቃ እኮ በመክፈት አይለያዩም። የሚለያዩት በዚያች «ዝጋ» በምንላቸው አንዲት ክፉ ደቂቃ ነው፤ ያችን ደቂቃ ደግሞ በሱቅ ጠረጴዛ ላይ ማየት አይቻልም። ሦስት ፕሮፎርማዬ ላይም አልነበረችም።

አንድ ቀን በሥራ ቦታ፣ በተበላሸ የገቢ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ይህችን ጻፍሁ፦

መክፈትስ ይቻላል በማንም ደካማ፣
መዝጋት ነው ጥበቡ ድምፁ እስኪሰማ።

ማታ ወደ ወደቡ ወርጄ ለጋሼ አነበብሁላቸው። የመጨረሻው ተሳፋሪ ወርዶ ነበር። እጃቸውን ወደ መቀመጫው ጎን ዘርግተው እጀታውን አዞሩት፤ ቀጭ አለ። ከዚያም እንደ ልማዳቸው የሞተሩን ቁልፍ አንድ ጊዜ ጠመዘዙት። ዝም አለ። ከዘጉ በኋላ መዘጋቱን ሳይሞክሩ አይወርዱም፤ ይህን ማንም አላስተማራቸውም፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ የጀመሩት ነው።

«ግጥሙ ደኅና ነው» አሉኝ ከጀልባዋ እየወረዱ፤ «የፓምፑን ፊውዝ ግን አይተኸዋል?»

አላየሁትም ነበር። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።